ጆንያ የለበሰችው መኪና

መኪና በሚቆምበት መንገድ ሁሉ፣ ዓለም የተፈጠረው የእሱን የታርጋ ቁጥር ለማወቅ ነው ብሎ የሚያምን አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተም ሰፈር አለ። ከመኪናው ሳይወርድ በሦስቱም መስታወት የሚገላምጥ፣ በሩን ቆልፎ ሄዶ ተመልሶ የሚነካካ፣ "ጎማው አዲስ ነው?" ስትሉት "ማን ላከህ?" የሚል። የእኛ ሰፈር ሳጃና ግን የዚህን ዘር አለቃ ነው ያገኘችው። ክቡር ኡስታዝ ሰላሕዲን ይባላሉ። ስማቸውን በመጻፌ ይቆጡኛል። ምን ላድርግ፣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል።

እኔ መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ሀዋ እባላለሁ፣ ሻይ ሻጭ ነኝ፤ እዚህ ሱዳን ሲት ሻይ ይሉናል። ከብሎንና ከቧንቧ ሱቆቹ ፊት፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ምድጃዬን ካስቀመጥኩ ዘጠኝ ዓመቴ። "ያየሽውን ጻፊው፣ ስህተቱን እኔ አርምልሻለሁ" ያለችኝ ጎኔ ካለው ምግብ ቤት ወጥ የምትሠራው ካሳነሽ ናት። አፌን ከፍቼ መናገር እንደማልችል ስላወቀች ይመስለኛል እርሳስ የሰጠችኝ።

ኡስታዝ ከዛፌ ፊት ለፊት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ አላቸው። የነጋዴ የጉምሩክ ወረቀት ያስጨርሳሉ። "ወረቀት ከእጅህ ከወጣ የት እንደሚያድር አታውቅም" ይላሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወረቀት ሲከተሉ ስለኖሩ እሳቸው ያውቁ ይሆናል። አባታቸው ሱዳናዊ፣ እናታቸው አላህ ይማራቸውና የደሴ ሰው ነበሩ። አማርኛ የተማሩት ከእናታቸው ቁጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ማንንም ሰው እንደ አስቸጋሪ ወንድ ልጅ ነው የሚያናግሩት።

"ሀዋ፣ ሻይ አምጣ! አትንቀዥቀዥ!"

እሺ እላለሁ። መጀመሪያ ጊዜ "አንቱ" ስላቸው ከኋላቸው ማን እንደቆመ ዞረው አዩ።

መኪናቸው ነጭ ኮሮላ ናት፤ አርጅታለች። ልክ እንዳቆሟት ከኋላ የሽንኩርት ጆንያ ያወጡና ታርጋዋን ያለብሷታል። የፊቱን በአንድ፣ የኋላውን በአንድ። "ቁጥርህን ያየ ቤትህን ያያል" ይላሉ። እንግዲህ በሳጃና ጆንያ የለበሰች መኪና አንዲት ብቻ ስለሆነች፣ ሌላ ከተማ፣ ዋድ መደኒ ድረስ ያለ ሰው ያውቃታል። ካሳነሽ እዚህ ጋ "ማጋነን ነው" ብላ አስምራበታለች። አልሰረዝኩትም፤ አንድ የመደኒ ሲሚንቶ ነጋዴ "ባለ ጆንያው አሉ?" ብሎ ሲጠይቀኝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እዚህ አገር መኪናህን ከሰው መኪና ኋላ ዘግተህ ካቆምክ፣ ስልክ ቁጥርህን ካርቶን ላይ ጽፈህ ከመስታወቱ ሥር ትተዋለህ። መውጣት የፈለገ ይደውላል፣ "ማሌሽ፣ ማሌሽ" እያልክ፣ ይቅርታ እየለመንክ ሮጠህ ትወርዳለህ። ኡስታዝም ካርቶን አላቸው። የሳቸው ካርቶን ግን "ሲት ሻይን ጠይቁ" ነው የሚለው።

ጠየቁኝ። በየቀኑ ጠየቁኝ።

"ያ ሀዋ፣ የዚች መኪና ባለቤት የት ነው?"

ትእዛዜ "አላውቀውም" ማለት ነው። አልኩም። ግን እኔ ውሸት ስናገር ዐይኔ አይታዘዘኝም፤ ወደ ሁለተኛው ፎቅ መስኮት ቀና ይላል። የጠየቀኝም ዐይኔን ተከትሎ ቀና ይላል። ከዚያ ሁለታችንም ከመጋረጃው ኋላ የቆሙትን ክቡር ኡስታዝን እናያቸዋለን።

"ዐይንህ ምላስ አለው!" ብለው ይቆጡኛል ሲወርዱ። ማታ ቤቴ በመስታወት ፊት ተለማመድኩ። አልቻልኩም።

ስልካቸውንስ? አጠገባቸው ካለ ሰው ጋር ስለ ጎማ ዋጋ ሊነጋገሩ ሲሉ ከካሳነሽ የሳንዱች ፎይል ተቀብለው ይጠቀልሉታል። "ይሰማል" ይላሉ በጣታቸው እየጠቆሙ። ከዚያ ስልኩ ታፍኖ እንደተቀመጠ፣ ግራ ጆሯቸው ስለሚደክም፣ የሚጮኹትን ጩኸት ሠላሳ ደንበኛዬ ይሰማዋል። ስኳራቸው ባለፈው ወር ሁለት መቶ ስልሳ ነበር። ከሚስታቸው ወንድም ጋር በአጥር ተጣልተዋል። ኮሮላዋ ጠዋት ጠዋት ሳል አለባት። ግራ እግራቸው ላይ አውራ ጣታቸው ይደነዝዛል። ይህን ሁሉ ያወቅነው ማንንም ሳንጠይቅ ነው፤ ስልኩ ብቻ ነው ያልሰማው።

አንድ አርብ የወዳጃቸው ልጅ ጀብራ የሚባል ሰፈር ሊዳር፣ ሻይ እንዳፈላ እኔም ተጠርቼ ነበርና በመኪናቸው ወሰዱኝ። አርባ ብርጭቆ ታቅፌ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ካርታውን ከስልክ እንዳይከፍቱ፣ ስልኩ የሚሄዱበትን ሊያውቅ ነው። ሰው እንዳይጠይቁ፣ ሰውየው የሚሄዱበትን ሊያውቅ ነው። ስለዚህ የማይሄዱበትን ቤት ይጠይቁ ጀመር።

"ያ ሐጅ፣ የሙስዐብ ዳቦ ቤት በየት ነው?"

"ምን ፈልገህ ነው?"

"ምንም!"

ሙስዐብ ዳቦ ቤት ስንደርስ ሰርጉ ከዚያ ማዶ መሆን ነበረበት። ግን ጀብራ ሁለት የሙስዐብ ዳቦ ቤት ኖሯል። ከሁለተኛው ስንደርስ ሰርጉ አልቆ ወንበሩን ወደ መኪና እየጫኑ ነበር። ኡስታዝ በደስታ ዞረው አዩኝና "አየህ? ማንም አልተከተለንም!" አሉ። አርባውንም ብርጭቆ እንደታጠበ ይዤ ተመለስኩ።

እንግዲህ እንዲህ ስንኖር ሱላፋ መጣች።

ሱላፋ ሥርዓት ያላት ሴት ናት፣ ዕድሜዋ ሠላሳዎቹ ውስጥ፣ ትልቅ ስልክ እንደ ትሪ ይዛ። ከመኪና ማቆሚያ ድርጅት ነው የመጣሁት፣ አዲስ ነገር አምጥተናል አለች። መንገዱ በቀለም ይሰመራል፣ እያንዳንዱ ቦታ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ባለ መኪና በስልኩ ቦታ ይይዛል። ያለፈቃድ ለቆመ መልእክት ይላክለታል፤ እንቢ ካለ ጎታች መኪና ይጠራል። ትሪዋን አዞረችልኝ። ከላይ የተነሳ የመንገዳችን ፎቶ ነው። ዛፌ አረንጓዴ ኳስ ሆኗል። ከሥሩ ነጭ ሳጥን፣ ውስጡ ሰባት ቁጥር።

ቁጥር አነባለሁ። ሰባት ማለት ምድጃዬ ነው።

"እዚህ ሰው አለ" አልኳት ቀስ ብዬ።

"አውቃለሁ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ። ወላሂ አየሁሽ። ፎቶው ላይ ግን ቅጠሉ ሸፍኖሻል፣ ባዶ ነው የሚለው። እስከ ሐሙስ ይሰመራል፣ ዕቃሽን አንሺ።"

"ካልተሰመረስ?" አለች ካሳነሽ፣ ከምግብ ቤቱ በር ማንኪያ ይዛ።

"የተሰመረውን ፎቶ አንስቼ ሐሙስ ማታ እልካለሁ። ፎቶ ያልተላከለት ቦታ ከዝርዝሩ ይወጣል። ግን ለምን አይሰመርም?"

መናገር ነበረብኝ። ዘጠኝ ዓመት፣ ደንበኛዬ ሁሉ እዚህ ነው፣ ሌላ ዛፍ ብሄድ ሌላ ሲት ሻይ አለችበት ማለት ነበረብኝ። እኔ ያልኩት "ኢንሻአላህ" ነው። ከዚያ ከሻይ ጋር የምሸጠው ድቡልቡል ብስኩት፣ ሊጊማቱ፣ ዘይቱ ውስጥ አረረብኝ።

ኡስታዝ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ስለ እኔ አንድ ቃል አልተናገሩም። ወደ ሱላፋ ቀኝ ጆሯቸውን አስግገው፣ "ባለ መኪናው ምን ይሞላል?" አሉ።

"ስም፣ ስልክ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ታርጋ። ከየት እንደመጣ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ።"

የሻይ ብርጭቋቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። "ስንት ሰዓት እንደሚቆይ!"

"እርስዎ መኪና አለዎት ያ ኡስታዝ?"

"የለኝም" አሉ፣ ሦስት እርምጃ ርቃ ጆንያዋን ለብሳ ወደቆመችው ኮሮላ ጀርባቸውን ሰጥተው።

በማግስቱ ማክሰኞ ስመጣ ኮሮላዋ መንገዱን አግድም ተጋድማለች። አፍንጫዋ ከዛፉ ግንድ፣ ጅራቷ ከሱቁ ደረጃ። ስድስትን፣ ሰባትን፣ ስምንትን ተኝታባቸዋለች። ለምድጃዬ ከጎኗ ልክ የምድጃዬን ያህል ቦታ ተትቷል። ያንን ያህል ነው፣ በስንዝር የተለካ ነው የሚመስለው።

ሱላፋ ቀለም ቀቢዎቿን ይዛ መጣች። ካርቶኑን አነበበች፣ ወደ እኔ መጣች።

"ባለቤቱ ማን ነው?"

"አላውቀውም።"

ጆንያውን ገለጠችው። ከሥሩ ታርጋ የለም፤ ሁለት የብሎን ቀዳዳ ብቻ። የፊቱንም ገለጠች፣ ሁለት ቀዳዳ። ጎታች መኪና ደወለች። ሾፌሩ መጥቶ መሪው ላይ ተደግፎ "የትእዛዝ ቁጥር?" አላት።

"ስልኩ ታርጋ ካልሞላሁ ትእዛዝ አይሰጠኝም።"

"እንግዲያ ምን ልጎትት?"

"ይቺን!"

"ይቺ ማን ናት?" አለና ሻይ አዘዘኝ። ሁለት ጠጣ፣ ሄደ።

ረቡዕም እንዲሁ። ኡስታዝ ከቤታቸው በሐፍላ፣ በሕዝብ አውቶቡስ ነው የሚመጡት፣ ከአውቶቡሱ ሰው ጋር ተጨናንቀው፣ ጫማቸው ተረጋግጦ። የቆዳ ቦርሳቸው በአንድ ጎን ያዘነብላል፤ ውስጡ ሲያንኳኳ እሰማለሁ። ሁለት ታርጋ እንደ ሁለት ሰሐን። ያቺን በሰው ዐይን እንኳ እንድትነካ የማይፈቅዱላትን መኪና ሁለት ሌሊት ሜዳ ላይ አሳደሯት። ድመት የመኪናዋ መቀመጫ ላይ ወለደች ብላ ካሳነሽ ብታስደነግጣቸው፣ "ዝም በል! ጎረቤት ይሰማል!" ብለው ጮኹ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሱላፋ መጣች። ፊቷ በፀሐይ ቀልቷል፣ አለቆቿም ተቆጥተዋት ይሆናል፣ አዘንኩላት። ከፊቴ ባለው ዝቅተኛ ወንበር ቁጭ አለች።

"ሀዋ፣ እህቴ። አንቺ ውሸታም ሴት አይደለሽም። ያ ባለፈው የተቆጣው ሰውዬ አይደለም? ግራ ጆሮው የሚደክመው?"

ሁለተኛው ፎቅ ላይ መጋረጃው ሲነቃነቅ ሳላይ ተሰማኝ። ዐይኔ ሊነሳ ነው፤ አውቀዋለሁ፣ ዕድሜ ልኬን አብሬው ኖሬያለሁ። በግድ ጎትቼ ማንቆርቆሪያው ላይ ጣልኩት። ማንቆርቆሪያው ላይ አንዲት ጎድጓዳ አለች፣ ከዚያች ጎድጓዳ ዐይኔን አላነሳሁም።

"የትኛው ሰውዬ?" አልኩ።

ወደ ደንበኞቼ ዞረች። ስኳራቸውን የሚያውቁ፣ አጥራቸውን የሚያውቁ፣ አውራ ጣታቸውን የሚያውቁ ሠላሳ ሰዎች። ሠላሳውም ብርጭቋቸው ውስጥ የወደቀ ነገር እንዳለ አጎንብሰው ማየት ጀመሩ። የብሎን ነጋዴው አብዱልወሃብ፣ በቀን አንዴ ወሬ ካላወራ የሚታመመው፣ የሻይ ቅጠል ይቆጥር ነበር።

ሱላፋ አንድ ሻይ ከናና ቅጠል ጋር ጠየቀች፣ ቀስ ብላ ጠጣች፣ ከአንድ እስከ አምስት፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት የተሰመሩትን ፎቶ አንስታ ሄደች። ትሪዋ ላይ አሁን ከአረንጓዴው ኳስ ሥር ምንም የለም። እኔ እዚያ ምንም ውስጥ ነው የምሠራው።

ኡስታዝ ሲወርዱ "አላህ ይስጥልኝ" ልል አፌን ከፈትኩ።

"ለአንተ ብዬ አይደለም" አሉ ቀድመው። "ስንት ሰዓት እንደምቆይ ለማን ምን ገዶት! ሻይ አምጣ!" ሻዩን ሲቀበሉ ከብርጭቆው ሥር የታጠፈች ወረቀት መዳፌ ውስጥ ተዉ። "ለክፉ ቀን። አጥናና አቃጥል።"

ስልክ ቁጥራቸው ነበር። አጠናሁት፣ ፍም ውስጥ ጨመርኩት። ካሳነሽ እስከ ዛሬ ትለምነኛለች፤ እዚህም አልጽፈውም።

ከሁለት ወር በኋላ ኮሮላዋ ሦስት ቀን ሳትመጣ ቀረች። መጋረጃው አይነቃነቅም። በሦስተኛው ቀን ምግብ ቤቱ ጓሮ ገብቼ ደወልኩ።

"ማነህ? ይህን ቁጥር ከየት አመጣህ?"

"ሀዋ ነኝ።"

"የትኛው ሀዋ? ማስረጃ!"

"ስኳርዎ ሁለት መቶ ስልሳ..."

"ዝም በል! ሰው ይሰማል!" ብለው የጮኹት ጩኸት ስልኩን ከጆሮዬ አስወረወረኝ። ደኅና ናቸው። ጉንፋን ኖሯል። "ነገ እመጣለሁ። ለማንም እንዳትናገር!"

ለማንም አልተናገርኩም። በማግስቱ ጠዋት የሳቸውን ብርጭቆ፣ ስኳር የማይገባበትን፣ አጥቤ ከሌሎቹ ለየት አድርጌ ደፋሁት እንጂ አንዲት ቃል አልወጣኝም። ደንበኞቼ ብርጭቆውን አዩት፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ አንድም ሰው ሳያዛቸው ተነሡና፣ ወንበሮቻቸውን አንድ በአንድ ወደ ዛፉ አስጠግተው የአንዲት ኮሮላ ያህል ቦታ ለቀቁ።