እርስዎ ይምረጡ

በአክብሮት ብዛት ምርጫ የሚገፋ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የተከበሩት ጎረቤቴ አቶ ደምሴ እንዲህ ናቸው፤ እኔም አልሻልም። ከነሚስቶቻችን በክሩዝ ሽርሽር ላይ ሳለን መርከቡ ለሦስት ሰዓት አንዲት ጸጥ ያለች ወደብ ላይ ቆመ። ባለቤቴ አስካለ በጋሪ ለመዞር ቋምጣለች። ለስላሳው የባሕር ነፋስ ለኪራይ የቆሙትን የሁለቱን ጋሪዎች ፈረሶች ጋማ ሲያወዛውዝ ሰዓት ያስረሳል።

«ነጩ ይሻላል ዳማው? እርስዎ ይምረጡ» አልኳቸው አቶ ደምሴን።

«ኧረ በማርያም! እርስዎ እያሉ?»

«ታላቄ ነዎት እኮ!»

«በአንድ ዓመት?»

ስንከባበር ፈረሶቹ ቆመው አንቀላፉ፤ እኛም ልንከተላቸው ምንም አልቀረንም። የመርከቡ ጥሩምባ «ግቡ» ብሎ ሲጮህ፣ ሚስቶቻችን ጋሪ ላይ ተደላድለው ከተፍ አሉ።

«ከተማዋን ዞረን ጨረስን!» አለች አስካለ።

አቶ ደምሴ ቀስ ብለው፣ «በነጩ ነው በዳማው?» አሉ።

«በበቅሎ ጋሪ! እንደ ድሮ ወይዛዝርት!»