እኔ ነኝ ያነሳሁት

ታዋቂ ሰዎችን ሁሉ በቅርብ የሚያውቅ ሰው በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። ሬዲዮ ላይ ዘፈን ሲመጣ «እሱ እኮ ቀኝ ጆሮው ከግራው ይበልጣል» ይላል። የፊልሙ ጀግና ሊሞት ሲያጣጥር «ይሄን ሰውዬ እኮ ጉንፋን አይለቀውም» ብሎ እንባችሁን ያደርቀዋል። በእኛ ቤተሰብ ይህንን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር የአክስቴ ባል ናቸው።

ሥራቸው ፎቶ ማንሳት ነው፤ «ፎቶ አንሺ» ሲባሉ ግን ይከፋቸዋል። ፎቶ አንሺ ማለት ሠርግ የሚያነሳ ነው፤ እሳቸው የሚያነሱት ፊት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የካሴት ሽፋን፣ የፊልም ፖስተርና የፋሽን መጽሔት ከእጃቸው ጠፍቶ አያውቅም። የስቱዲዮአቸው ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ ታዋቂ ሰው ስለሆነ ቀለሙ ምን እንደነበር የሚያስታውስ የለም። እንግዳ ሲገባ ጣታቸው ይነሳል። «ይቺን? እኔ ነኝ ያነሳሁት። ያንን? እኔ ነኝ ያነሳሁት።» አንድ ጊዜ የፈነዳ ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ሠራተኛ፣ ውሃው ጫማው ውስጥ እየገባ፣ የግድግዳውን ታሪክ እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰምቷል።

በሌሉበት ዘመድ ሁሉ «አገጭ» ነው የሚላቸው። ካሜራቸው ፊት የተቀመጠ ሰው ከሰላምታ በፊት የሚሰማው ትእዛዝ «አገጭ ዝቅ!» የሚል ነውና።

ከሁሉ የሚገርመው አሠራራቸው ነው። ዛሬም በጥቅል ፊልም ነው የሚያነሱት፤ እሱንም ቶሎ አያስገቡም። መጀመሪያ የሚያነሱት በባዶ ካሜራ ነው። መብራቱ ቦግ ይላል፣ ካሜራው ቀጭ ይላል፣ ውስጡ ግን ምንም የለም። ተነሺው አያውቅም።

«ሰው ከቤቱ የሚመጣው የፖስተር ፊት ለብሶ ነው» ይላሉ፣ ፍርድ እንደሚያነብ ዳኛ ድምፃቸውን አወፍረው። «በዚያ ፊት ላይ ፊልም አላባክንም። ሲደክመው ያወልቀዋል። ያኔ አስገባለሁ።»

ተነሺው ፊቱን ሲያወልቅ ወደ በሩ ዞር ብለው «ውሃ!» ይላሉ። ምልክት ነው። አክስቴ ብርጭቆ በትሪ ይዛ ትመጣለች፤ ከትሪው ሥር ፊልሙን ትሰጣቸዋለች። ውሃውን የጠጡበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ደግሞ ይሠራላቸዋል። ጥቁር መነጽሬን አላወልቅም ብሎ የፎከረ ወጣት ዘፋኝ፣ ከሃምሳ ባዶ ፎቶ በኋላ ላብ ሲያጠምቀው በገዛ እጁ አወለቀው። ሽፋኑ ላይ የወጣው ዓይኑን ሲጠርግ ነው፤ አገሩ ሁሉ «ምን ያህል ቢያፈቅር ነው!» አለ። በየፊልሙ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ ካሜራውን ማስፈራራት ሰልችቶት ልጁ በሒሳብ መውደቁን ለአክስቴ ማጫወት ጀመረ። ፖስተሩ ላይ ሕዝብ ያስደነገጠው ፊት ያ ነው። የመጽሔት ሽፋን ላይ እንደ ንግሥት የተከበረችው ሞዴልም አክስቴ የሰጠቻትን ዳቦ የመጨረሻ ቁራሽ እየዋጠች ነበር።

እኔንም አልማሩኝም። ለሥራ ማመልከቻ ጉርድ ፎቶ ልነሳ ብሄድ ሃያ ስድስት ጊዜ በባዶ አነሱኝ።

«ጋሼ፣ ጉርድ ፎቶ እኮ ነው።»

«ጉርድም ፊት ነው። አገጭ ዝቅ!»

ፎቶዬ እስኪደርስ ጥግ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ዘፋኝ ገባች። ድምፅዋን የማያውቅ ሰው የለም። የመጀመሪያ ካሴትዋን ሽፋን ያነሱት እሳቸው ናቸው፤ ለእሳቸውም የመጀመሪያው ሥራ እሱ ነበር። መንጋጋዋ ላይ ያበጠውን ነገር በማግስቱ ጠዋት ሐኪሞች ሊያወጡላት ነው። ከዚያ በኋላ ፊቷ ምን እንደሚመስል ዋስትና የሰጣት የለም። በስልክ «ለሐኪሞቹ ከመስጠቴ በፊት ፊቴን አንተ ጋ ላስቀምጠው» ብላቸው ነበር።

አክስቴ ፓውደር ይዛ ስትጠጋት «ተዪው እህቴ» አለቻት። «ዛሬ ልቀባ አልመጣሁም።»

ተቀመጠች። «አገጭ ዝቅ» አሉ፤ ከወትሮው ቀስ ብለው ነው ያሉት። በባዶ ማንሳት ጀመሩ።

ችግሩ ይህች ሴት የፖስተር ፊቷን ቤቷ ትታው መምጣቷ ነበር። መዳፏን ግራ መንጋጋዋ ላይ አድርጋ «ከፍ ያለውን ድምፅ ሳወጣ የሚንቀጠቀጠው እዚህ ጋ ነው» አለች። «ሐኪሞቹም እዚህ ጋ ነው የሚከፍቱኝ።» ከዚያ ዓይኗን ከድና፣ ለማንም ሳይሆን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ማንጎራጎር ጀመረች።

ብዙ ፊት አይቻለሁ ማለት አልችልም። ያንን ግን አይቻለሁ።

ጋሼ ያነሳሉ። ይንበረከካሉ፣ ያነሳሉ፤ ይጠጋሉ፣ ያነሳሉ። አክስቴ በሩ ላይ ትሪውን ይዛ ቆማለች። ኡሁ ኡሁ ብላ ሳለች። አልሰሟትም። ደግማ ሳለች። እሳቸው ያነሳሉ። እኔ ልናገር አፌን ብከፍትም ያንን እንጉርጉሮ የሚያቋርጥ ድምፅ አልወጣኝም።

በመጨረሻ ሴትዮዋ ዓይኗን ገለጠች። «በቃኝ፤ ደከመኝ። ይኸው ያዝከው አይደል?»

ፊልሙን ሊጠቀልሉ ጣታቸውን ወደ ካሜራው ላኩ። ቆሙ። ቀስ ብለው ወደ አክስቴ ዞሩ፤ ብርጭቆው ሳይነካ፣ ፊልሙም ከትሪው ሥር እንዳለ አዩ።

አክስቴ ተጠግታ በሹክሹክታ «ጠጣና አስገባ» አለቻቸው። «ሁለት ለማሳረጊያ በላት። ምን ታውቃለች?»

እውነት ነው፣ አታውቅም ነበር። በሕይወታቸው ተሳስቼያለሁ ብለው የማያውቁት የአክስቴ ባል ግን ካሜራውን ወለሉ ላይ አስቀመጡት።

«እትዬ» አሉ። «ካሜራው ባዶ ነው።»

«ምን?»

«ፊልም የለውም። ሁልጊዜ መጀመሪያ በባዶ ነው የማነሳው። ዛሬ... ረሳሁት። አንዱንም አልያዝኩትም።»



«ያኔስ? የመጀመሪያው ካሴት ጊዜ?»

«ያኔም መጀመሪያ በባዶ ነበር።»

ወለሉ ላይ ያለውን ካሜራ አየችው። 

«አገጭሽን ዝቅ ብለኸኝ» አለች፣ «ሠላሳ ዓመት መድረክ ላይ አቀርቅሬ ኖርኩ። ለካ ለባዶ ቆርቆሮ ነው!»

ከዚያ ጣቷን ወደ ካሜራው ቀሰረች። «አንሳው። እያየሁህ አስገባ።»

ከትሪው ሥር ያለውን ፊልም ወሰዱ። የፊልሙ ጫፍ አልያዝ ብሎ ሁለት ጊዜ አመለጣቸው።

«አየሽው ባልሽን!» አለች ለአክስቴ። «ሳያስገባ ማንሳት ለምዶ ማስገባቱ ጠፋው!»

በራሷ ቀልድ ሳቀች። ሳቁ መንጋጋዋን ወጋው፤ በመዳፏ ያዘችው፣ ሳቁ ግን አልቆም አላት፤ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ አገጯ ወደ ጣሪያው ተነሳ። ጋሼ ካሜራውን ዓይናቸው ላይ አድርገው «አገ...» ብለው ጀመሩና ተዉት። አንድ ጊዜ ብቻ ቀጭ አለ።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ፤ ፊቷ ግን ወደ አንድ በኩል ተጣሞ ቀረ፤ ከፍ ያለው ድምፅም አልተመለሰም። አልፎ አልፎ ስቱዲዮው ትመጣና ያንን ፎቶ ቀና ብላ «እንዴት ነሽ?» ትለዋለች። ፎቶው በትክክል አልጠራም። ግማሽ ፊቷን እጇ ሸፍኖታል። አገጩም በሙያው ሕግ ሁሉ ስህተት ነው። የተሰቀለው በሩን እንደገቡ ፊት ለፊት ነው፤ ለእሱ ቦታ ለመልቀቅ ነፍሰ ገዳዩና ንግሥቲቱ ወደ ኮሪደር ወጥተዋል።

እንግዳ ሲመጣ አሁንም ጣታቸው ይነሳል። ይቺን እኔ ነኝ፣ ያንን እኔ ነኝ። እንግዳው ወደ ዘፋኟ ፎቶ ዞሮ «ይቺንስ ማን አነሳት?» ሲል ግን ጋሼ ሌንስ መወልወል ይጀምራሉ። ያንን ፊት እሷ ሰጠቻቸው እንጂ እሳቸው ያነሱት አይመስላቸውም።

ስለዚህ አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ እንግዳ ባጋጠመኝ ቁጥር የምመልስለት እኔ ነኝ።

«እሳቸው ናቸው ያነሷት» እላለሁ፣ ድምፄን አወፍሬ።

ሌንሱን መወልወላቸውን ሳያቆሙ «አንተ ልጅ» ይሉኛል፣ «አገጭ ዝቅ!»

ዝቅ አደርጋለሁ።