ተቀምጬ ልቆጠር ሄጄ ቆሜ ተቆጠርኩ

ጎረቤቶች! ዛሬ ገበያ ላይ ስለ እኔ የሰማችሁት ሁሉ ውሸት ነው። እውነቱ ደግሞ ከውሸቱ የባሰ ያሳፍራል!

ስለዚህ እንደ ልማዴ ጽፌ ሱቄ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ቆማችሁ አንብቡ። የምትስቁ ሳቁ፤ እኔም ልስቅ እየሞከርኩ ነው።

ለማታውቁኝ፦ ሞላ ነኝ፤ ከካሚዮን ጎማ በረባሶ የምሠራው። ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩትን ሰባት ሰው ቆሞ አንብቦልኛል። አንዱ ጥላ ፈልጎ ነው የቆመው አሉ። ይሁን፤ እቆጥረዋለሁ!

ነገሩ እንዲህ ነው።

ለፓርላማ የሚሄድ ሰው ምረጡ ተባልን።

እኛ!

አርባ ሁለት ዓመት ስኖር “አንተስ ምን ትላለህ?” ብሎ የጠየቀኝ መንግሥት የለም። “ክፈል” ያለኝ ብዙ ነው። “ተሸከም” ያለኝም አለ፤ እሱስ በጣልያንኛ ነበር።

ከየሰፈሩ ፊደል የቆጠረ አንድ መራጭ ይላክ ሲባል ከእኛ ሰፈር እኔ ተላክሁ። አትሳቁ! እርግጥ ነው፣ ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ጥርሳቸውን ገና ከሚነቅሉ ልጆች ጋር መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ጢሜን ይዤ። ድምፄ ከሁሉም በላይ ስለሚጮህ የኔታ በአለንጋ ጀርባዬን ነካ አድርገው “አንተ ሽማግሌ፣ ቀስ! ሰማይ ድረስ ይሰማል!” ይሉኝ ነበር።

ግን ቆጠርኩ። ማን ይከለክለኛል?

አስመራ የሚመላለስ አንድ ሾፌር “እዚያ እኮ ፓርቲ የሚባል መጥቷል፤ ሰው ሁሉ አንዱ ውስጥ ይገባል” አለን። “ፓርቲ ምንድን ነው?” ብንለው፣ ትንሽ አሰበና “ብዙ ሆኖ አንድን ሰው መጥላት ነው” አለ።

እሱማ እኛም ሰፈር ድሮም ነበረ! ስሙን አላወቅነውም እንጂ።

ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ቀኛዝማች ሐጎስ ናቸው። ከሰፈራችን በታች ያለው ምንጭ የሚፈልቀው በእሳቸው መሬት ላይ ነው። በእሾህ ካጠሩት ሁለት ዓመት ሆነው። ሴቶቻችን እንስራ አዝለው ዙሪያውን ዞረው ወደ ዓይናለም በኩል ይወርዳሉ፤ ሲመለሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት።

ሁለተኛው ተክላይ ነው፤ ዛፍ ሥር ሣጥን አስቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈው። ስለ ምንጩ ሦስት ጊዜ ጽፎልናል፤ አንድም ጊዜ ዋጋ አልጠየቀም። ማመልከቻዎቹ የት እንደገቡ ፈጣሪ ይወቅ።

“ታዲያ ይሄ ምን ማሰብ ይፈልጋል?” ትላላችሁ።

ቆዩ እንጂ!

ቀኛዝማች መራጮቹን ግብዣ ጠሩን። ሄድኩ። በላሁ። ምን ላድርግ፣ ሥጋው ምን አጠፋ? እጅ ከታጠብን በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉና “እኔን ከመረጣችሁ ምንጩን እከፍታለሁ” አሉ።

አፌ አያርፍም። “ቀኛዝማች፣ ምንጩ ያለው ፓርላማ ውስጥ ነው እንዴ? ዛሬ ለምን አይከፍቱትም?” አልኳቸው።

ሁሉም የየራሱን ጣት ያይ ጀመር። ጠጁ ሲዞር እኔን ዘሎ አለፈ።

ከዚያ ተክላይ ዘንድ ሄድኩ። “ምንጩን እንዴት ታስከፍታለህ?” አልኩት። እሱ ደግሞ አወራ! አወራ! መልሱን በሦስት ከፈለው፤ የመጀመሪያውን ክፍል ደግሞ በአራት። ጎንበስ ስል ጥላዬ ረዝሟል። ይህ ሰው ፓርላማ ቢገባ ፓርላማው በሙሉ እንቅልፍ ይወስደዋል ብዬ ፈራሁ።

እንግዲህ ምረጥ! አንዱ ያጥራል፣ አንዱ ያስተኛል።

ሦስት ሳምንት አሰብኩ። ጎማ እየቆረጥኩ አሰብኩ። ለአንድ ድንጋይ ፈላጭ ሁለቱንም የግራ እግር ሠራሁለት። አድርጎት ሄደ ደግሞ! መንገዱ ላይ እየዞረ ሲሄድ አይቼዋለሁ፤ አልጠራሁትም።

ሚስቴ አብረኸት ታዝባኝ ታዝባኝ አንድ ቀን አላስችላት አለ።

“ኣንታ ሞላ! እንስራ የማዝለው እኔ፣ የሚደክምህ አንተ! ምንድን ነው እንዲህ የሚያስተክዝህ?”

“ፖለቲካ ነው። አይገባሽም።”

“እዋእ! እንስራው ግን ይገባኛል” አለችና ወጣች።

እንዲህ ናት። አጭር ነው የምትናገረው፤ ግን ጀርባ ላይ ይቀራል።

በመጨረሻ ወሰንኩ፦ ተክላይ! የሚያስተኛ ሰው ቢያንስ መንገድ አይዘጋም። ወሰንኩና እንደ ሰው ዝም አልኩ? የለም! ለመንደሩ ሁሉ አወራሁ። ለሥጋ ሻጩ፣ ለእህል ሻጩ፣ ወደ ቁሓ ለሚያልፍ መንገደኛ ሳይቀር። “የሞላን ድምፅ በሥጋ አይገዟትም!” እያልኩ። ሥጋውን ከበላሁ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ።

ይህ ብቻ በበቃኝ!

ግን ትዕቢት የሚሉት ነገር አለ። ትናንት የኔታ ዘንድ ሄድኩ። “የኔታ፣ ነገ ይምጡና ይዩኝ። ያስተማሩኝ ፊደል የት እንዳደረሰኝ በዓይንዎ ይዩ” አልኳቸው።

“ዓይኔ ደክሟል እኮ ልጄ” አሉ።

“እንግዲያው በጆሮዎ!”

ማን ጥራ አለኝ? እስቲ ንገሩኝ፣ ማን?

ዛሬ ጠዋት አሥራ አንድ መራጮች አዳራሽ ገባን። አግዳሚ ወንበሮች ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ተወዳዳሪዎቹ በአንድ በኩል፣ ከመንግሥት የተላከው ሹም መሐል ላይ፣ ከፊቱ ትልቅ መዝገብ። የቸኮለ ሰው ነው።

“ቀኛዝማችን የምትሉ ትነሣላችሁ። አቶ ተክላይን የምትሉ ትቀመጣላችሁ። ቆጥሬ እጽፋለሁ። አለቀ” አለ።

ከዚህ የቀለለ ሥራ አለ? መቀመጥ! መቀመጥ እኮ ሙያዬ ነው! ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ አይደል ጎማ የምቆርጠው?

“ተነሡ!” አለ ሹሙ።

አምስት ሰው ተነሣ። ስድስታችን ቁጭ።

ስድስት! በአንድ ሰው አሸነፍን! እጄን አጣጥፌ፣ እግሬን ዘርግቼ ቀኛዝማችን ዓይን ዓይናቸውን አየኋቸው። እንዲህ ተመቻችቼ የተቀመጥኩበት ቀን የለም። ሹሙ የቆሙትን በእርሳሱ እየጠቆመ መቁጠር ጀመረ፤ “አንድ… ሁለት…”

በሩ ተከፈተ።

የኔታ!

እንግዲህ ፍረዱኝ። የተቀመጡት ጓደኞቼ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተዋል። አንዱ ዘወር ብሎ አየና፣ ብልህ ነው፣ አንገቱን ብቻ ዝቅ አደረገ። እኔ ግን ከበሩ ፊት ለፊት ነኝ። “ሀ” በል ያሉኝ መምህር፣ እኔው ራሴ ጠርቻቸው፣ በምርኩዝ እየተመሩ ሲገቡ…

እግሬ አላማከረኝም!

“ኖር፣ የኔታ!” ብዬ ብድግ!

“ታዲያ ቶሎ አትቀመጥም?” እንዳትሉኝ። ታላቅ ሰው “በእግዜር” ሳይል ማን ይቀመጣል? እናንተ ትቀመጣላችሁ? የኔታ ደግሞ ማን እንደተነሣላቸው አልለዩም። ቆም አሉና ጆሯቸውን አቀኑ።

“ማነህ አንተ?”

“ሞላ ነኝ የኔታ!”

“የትኛው ሞላ?”

“የጎማው!”

“ሦስት… አራት…” ይላል ሹሙ።

“አሃ! አንተ ጯሂው! እንዴት አደርህ ልጄ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና! የኔታ፣ እባክዎ ቶሎ…”

“ሚስትህስ?”

“ደኅና ናት!”

“ጤናዋ?”

“ደኅና! የኔታ፣ ‘በእግዜር’ ይበሉኝ!”

“…አምስት። ስድስት” አለ ሹሙ። ጻፈ።

“በእግዜር፤ ተቀመጥ ልጄ” አሉ የኔታ።

ተቀመጥኩ። ምን ዋጋ አለው!

“ጌታዬ!” ብዬ ጮህኩ። “እኔ ለየኔታ ነው የተነሣሁት!”

ሹሙ መዝገቡን አየ፤ እኔን አየ። “የኔታ አልተወዳደሩም።”

“አውቃለሁ! መርጫቸው አይደለም፤ አክብሬያቸው ነው!”

“ስድስት ሰው ቆሞ አየሁ፤ ስድስት ጻፍኩ። የአክብሮት ረድፍ እዚህ ላይ የለም።” መዝገቡን ዘጋው። ጧ!

የኔታ ነገሩ ሲገባቸው ምርኩዛቸውን ተደግፈው በረጅሙ ተነፈሱ።

“ልጄ፣ ማንበብ አስተማርኩህ። ቁጭ ማለትን ግን ዘለልኩት” አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አሥሩም መራጮች ሳቁ። ሹሙ ሳቀ። ያልሳቀ አንድ ተክላይ ነው።

በዚህ ያበቃ መስሏችሁ እንደሆን ተሳስታችኋል!

ቀኛዝማች እጃቸውን ዘርግተው መጡና አቀፉኝ። ጉንጬን ሳሙኝ። በግራ። በቀኝ። ደግሞ በግራ!

“ሞላ! እኔ እኮ ጠላቴ ትመስለኝ ነበር! ሰው እንዳይታዘብህ የኔታን ከትናንት ጀምረህ ጠርተህ… አይ ዘዴ! አይ ብልሃት!”

“ምን ዘዴ? አልመረጥኩዎትም!”

“ዓይን አፋር!” አሉና ጀርባዬን ደበደቡት። “በል፣ ሰው ሁሉ ይስማ። ምን ላድርግልህ?”

ነደደኝ። ሌላ ምንም አይደለም፤ እልህ ነው። “እሺ! እሾሁን ያንሡልን! ዛሬ! አሁን! የኔታ እየሰሙ!” ብዬ አምባረቅሁ።

አፋቸው ለሳቅ እንደተከፈተ ቀረ። ዞረው አዩ፤ መራጩ ሁሉ ያያቸዋል። የኔታ ጆሯቸውን አቅንተዋል። አሁን ከተመረጠ ሰው አፍ የመጀመሪያው ቃል “እምቢ” ሊሆን ነው?

“ይነሣ” አሉ። ሲሉት ጥርሳቸው ሲፋጭ ሰምቻለሁ።

ከቀትር በፊት ተነሣ! ሁሉም አይደለም፤ እንስራ ያዘለች ሴት በጎን የምታልፍበት ያህል። አህያ አታልፍም። ግን ውሃ ነው! እልልታው እስከ ሱቄ ተሰማ።

አሁን ወደ ገበያው ወሬ እንምጣ።

“ሞላ ምንጩን ተደራድሮ ነው ድምፁን የሰጠው! የኔታንም ለሽፋን ነው ያስመጣቸው! ሦስት ሳምንት ያሰበው ይሄን ነው!” ይላል ሰዉ። መንገድ ላይ ያስቆሙኛል። “አንተ ተንኮለኛ! አንተ ፖለቲከኛ!” ይሉኛል። አንዷ ስዋ፣ ያው ጠላ፣ ቀዳችልኝ። ሌላዋም ቀዳችልኝ።

እኔስ ምን አልኩ?

እኔ ሞላ፣ እውነት ስለምናገር ዘመድ የሌለኝ ሰውዬ፣ “አይደለም፤ እግሬ ነው” አልኩ?

አንገቴን ነቅነቅ አድርጌ ስዋውን ጠጣሁ!

ቤት ስገባ አብረኸት በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እንስራዋ ሙሉ ነው፤ ፀሐይዋ ገና አናት ላይ አልደረሰችም። “ሞላ፣ ሳስበው ሞኝ ትመስለኝ ነበር። ይቅር በለኝ” አለች።

በአሥራ አራት ዓመት ትዳር የመጀመሪያዋ ይቅርታ! እኔም ኮራ ብዬ “ይቅር ብያለሁ” አልኳት። ብያለሁ! እዩት ድፍረቴን!

ከሰዓት በኋላ ግን ተክላይ ሱቅ መጣ። አልተቀመጠም። ያን ሁሉ የሚያወራው ሰው ዛሬ አንዲት ነገር ብቻ አለኝ።

“አያ ሞላ፣ እንደምትነሣ ከወሰንክ ለምን አልነገርከኝም?”

ወጥቶ ሄደ።

ተክላይ ወንድሜ፣ ነገ ጠዋት ወደ ዛፍህ ስትሄድ በዚህ ታልፋለህ፤ ቁምና አንብብ። ድምፄ ያንተ ነበረ። ልቤ ያንተ ነበረ። መቀመጫዬም እስከ “ሁለት” ድረስ ያንተ ነበረ። የከዳህ እግሬ ብቻ ነው፤ እውነቱን ካልን፣ ስዋው ሲቀዳልኝ የነቀነቅሁት አንገቴም ከድቶሃል፤ ለእሱ ግን ማሳበቢያ የለኝም። ለአራተኛው ማመልከቻ ወረቀቱን እኔ እገዛለሁ። ለአህያ የሚበቃ በር ያስፈልገናል።

እንግዲህ ትምህርቱ ምንድን ነው? ሦስት ሳምንት አስቤ የወሰንኩት አንዲት ጠብታ አላመጣም። ሳላስብ ብድግ ያልኩት ውሃ አመጣ። በሚመጣው ምርጫ ላስብ ወይስ በሩን ልጠብቅ?

እሱን በኋላ እንነጋገርበታለን። ዛሬ የጨነቀኝ ሌላ ነው። አብረኸት ማንበብ ባትችልም እውነቱን ነገ ከናንተ መስማቷ አይቀርም። ሚስት አንዴ የሰጠችውን ይቅርታ መልሳ ልትወስድ ትችላለች እንዴ?

የምታውቁ ንገሩኝ። ግን ድምፃችሁን ቀንሱ፤ ከሱቁ ጀርባ ጓዳ ናት።