የኦድቫር ሃያ ደቂቃ

ወደብ ያለው የኖርዌይ ከተማ ሁሉ፣ ቱሪስትን ሳይጠየቅ ተራራ ላይ የሚያወጣ አንድ ጡረተኛ አያጣም። ማዘጋጃ ቤት አልቀጠረውም፤ ማንም አልመረጠውም። መርከብ የሚመጣ ቀን ግን ከማንም ቀድሞ ወደቡ አግዳሚ ወንበር ላይ ይገኛል።

የእኛው፣ የኦሌሱንዱ፣ ክቡር ኦድቫር ይባላሉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። አርባውን ዓመት የመርከብ ሞተር ሲጠግኑ ኖረዋል። ፊት ለፊት የምላቸው አንተ ነው፤ በዚህ አገር ሐኪሙም ጳጳሱም አንተ ነው። በጽሑፍ ግን፣ ለማዕረጋቸው ስል፣ አንቱ እላቸዋለሁ።

እንዲህ ያለ ሰው ከእኛ መሀል እንዴት እንደበቀለ አላውቅም። እኛ የማናውቀው ሰው አጠገብ ከመቀመጥ አውቶቡስ ውስጥ ቆመን መሄድ የሚቀለን ሰዎች ነን። ጎረቤቴን አሥራ አንድ ዓመት ያወቅሁት በጃኬቱ ነው። ክቡር ኦድቫር ግን ከመርከብ የወረደውን ሁሉ ያናግራሉ። በመጀመሪያ የሚያዩት ፊቱን አይደለም፤ ጫማውን ነው። ጫማው ፈተናውን ካለፈ ሰውየው አለቀለት።

"እዚህችው ናት" ይላሉ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ተራራ በአገጫቸው እየጠቆሙ። "ሃያ ደቂቃ።"

ሃያ ደቂቃ አይደለም። ለሰው ልጅ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው፤ ለፍየል አርባ ደቂቃ።

ፖስታ ቤት የጠየቁ ሁለት ጀርመኖችን አንድ ቀን ተራራው ጫፍ ላይ አገኘኋቸው። "ፖስታ ቤቱ ከዚህ ይታያል ተብለን ነው" አሉኝ። እውነት ነው፤ ይታያል።

ከመሀል ከተማ ወደ ኮረብታው የሚያወጣ አራት መቶ አሥራ ስምንት ደረጃ አለን። አስተዋይ ቱሪስት የሚሄደው በዚያ ነው። ክቡርነታቸው የደረጃው ስም ሲነሣ ፊታቸው ይጨማደዳል። "ደረጃ ቤቱም አለለት" ይላሉ።

ከሚላኖ የመጣ አንድ የጥርስ ሐኪም፣ ነጭ የሸራ ጫማ ስላደረገ ያመለጠ መስሎት ነበር። ቤታቸው ወስደው የባለቤታቸውን የቦርግሂልን ቦት ጫማ አጠለቁለት። ሐኪሙ ተራራውን ወጣ፣ ወረደ፣ ቦቱን እንዳደረገ መርከቡ ላይ ተሳፈረና ሄደ።

"ይሄ ስንተኛው ቦቴ ነው?" አለች ቦርግሂል።

"አራተኛው። ግን ልኩ ነበር።"

"እኔስ ምን አድርጌ ልውጣ?"

"አንቺ ተራራ አትወጪም።"

"ጫማ የለኝማ።"

የሚሸኙት ሰው ሁሉ ከኪሳቸው አንድ ብርቱካን ይሰጠዋል፤ ሁለት ትእዛዝም ይከተላል። ጫፉ ላይ በቆርቆሮ ሣጥን የተቀመጠ ደብተር አለ፤ ስምህን ጻፍ። ከዚያ ድንጋይ አንሥተህ ክምሩ ላይ ጨምር። ይህ የቆየ ልማዳችን ነው። ጭጋግ ሲወርድ መንገዱን የሚያሳየን የድንጋይ ክምር ነው፤ ያለፈ ሁሉ አንድ ይጨምርበታል።

ባለፈው ነሐሴ፣ አንድ ረቡዕ፣ ኢዳሊና የምትባል ፖርቱጋላዊት የሹራብ ሱቅ ጠየቀቻቸው። ስድሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ጡረታ የወጣች የሂሳብ አስተማሪ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ነበር። ቡናማ የቆዳ ጫማዋን አዩ። አለፈች። እህቷ ሴሌስቴ ሱቁን መረጠች፤ ኢዳሊና ብርቱካኗን ይዛ ሄደች። መርከባቸው የሚነሣው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ ከባሕሩ ጭጋግ ተነሥቶ ተራራውን ዋጠው።

ስምንት ሰዓት ላይ ወደቡ ጋ ካለው ጋዜጣ መሸጫ ስወጣ ክቡር ኦድቫር ክንዴን ያዙኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ነክተውኝ አያውቁም።

"ሲቨርት፣ አንዷ አልተመለሰችም።"

"ከየት?"

"ከላክኋቸው።"

"ትቆጥራቸዋለህ እንዴ?"

አንዲት ብጣሽ ወረቀት አሳዩኝ። መርከቡ እስኪሄድ ድረስ ወንበሩ ላይ ሆነው የሚጭሩባት ወረቀት እስከዚያ ቀን ድረስ ሎተሪ ትመስለኝ ነበር። ስም የለባትም። "ሰማያዊ ስፖርት ጫማ፣ ሁለት። ጥቁር ቦት፣ ባልና ሚስት። ቡናማ ቆዳ፣ ፖርቱጋል።" ሁሉም አጠገብ ምልክት አለ። ከቡናማው በስተቀር።

ሴሌስቴን አገኘናት። የኢዳሊና ስልክ ሴሌስቴ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ለነፍስ አድን ደወልኩ፤ ሰው እያሰባሰብን ነው አሉኝ። ዞር ስል ክቡር ኦድቫር መኪናዬ ውስጥ ገብተው ቀበቶ አስረዋል።

ሽቅብ ስንወጣ እኔ ሁለት ጊዜ ቆምኩ፤ እሳቸው አልቆሙም። ጫፉ ላይ ሣጥኑን ከፈቱ። የደብተሩ የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፦ "ኢዳሊና። አምስት ሰዓት ከሃምሳ። ሃያ ደቂቃው ውሸት ነው። ብርቱካኑ ግን ጥሩ ነው።"

"ደርሳለች" አልኩ።

"መድረሷ አይደለም ያስቸገረኝ።"

ጭጋጉ ውስጥ ጥቂት እርምጃ ሄዱና ቆሙ። ከእግራቸው ሥር ጉልበት የምታህል የድንጋይ ክምር አለች። ከእሷ ወዲያ ሌላ። ከዚያም ወዲያ ሌላ፣ በተርታ ወደ ምዕራብ።

"መንገዱ በዚህ ነው እንዴ?" አልኩ።

"አይደለም። መንገዱ በስተኋላህ ነው።"

"እና እነዚህን ማን ሠራቸው?"

"የእኔ ሰዎች። ድንጋይ ጨምሩ አልኳቸው፤ እነሱ እይታው ወዳማረበት ሄደው የየራሳቸውን ሠሩ። አያለሁ። ደስ ስላላቸው ዝም አልኩ።"

"መጨረሻው የት ነው?"

"ገደል ነው፣ ሲቨርት።"

ከክምር ወደ ክምር ሄድን። በየክምሩ ስሟን ይጠራሉ፤ ከዚያ እጃቸውን አንሥተው እኔን ዝም ያሰኙኛል። የምናዳምጠው የባሕሩን ድምፅ ብቻ ነበር፣ ከታች፣ በጣም ከታች። ዘጠኝ ክምር ቆጠርኩ። አሥራ ሦስት። ፊታቸው እንደ አመድ ሆኗል።

"ማነው?" አለ አንድ ድምፅ።

አሥራ አራተኛው ክምር ሥር፣ ቦርሳዋ ላይ ተቀምጣለች። ከእሷ አልፎ ሁለት ክንድ ያህል ሣር አለ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

"ድንጋዮቹ ሲያልቁ እኔም ቆምኩ" አለች። "ሠላሳ ስድስት ዓመት ሂሳብ አስተምሬአለሁ፤ የማላየውን አልደምርም።" ከዚያ ወደ ክቡር ኦድቫር ቀና አለች። "ጌታዬ፣ ተማሪዬ ቢሆኑ ኖሮ ክፍል ይደግሙ ነበር።"

"ይገባኛል" አሉ።

ተንበረከኩና የጫማዋን ማሰሪያ አጠበቁላት። ሁለት ጊዜ ተፈታባቸው። ሦስተኛውን ራሷ አሰረችው። እኔ ደግሞ ለነፍስ አድን ደውዬ "ተገኝታለች" ስል ድምፄ እንደሚቆራረጥ ያወቅሁት፣ ሰውየው "ሞታ ነው?" ብሎ ሲጠይቀኝ ነው። አይ፣ አልኩት፤ እየተቆጣች ነው።

ወደቡ ስንደርስ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር። ሴሌስቴ እህቷን አቅፋ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥላ ትከሻዋን መታቻት። የመርከቡ መሰላል ተነሣ። ክቡር ኦድቫር ወረቀቷን አውጥተው ቡናማው ላይ ምልክት አደረጉና ኪሳቸው ከተቷት።

"በል እንግዲህ፣ ቤት ላድርስህ" አልኩ።

"ወደ ላይ ነው የምመለሰው። እነዚያን ሳላፈርስ አላድርም።"

"አሁን? እራትህስ?"

"ነሐሴ ነው፤ ገና ብርሃን አለ። አንተ ግባ።"

አልገባሁም። ጭጋጉ ገፍፎ ነበር። ከገደሉ ጀምረን ወደ ላይ እያፈረስን መጣን፣ ድንጋዩን በየአቅጣጫው እየበተንን። ጫፉ ጋ ልንደርስ ስንል ክቡርነታቸው ከአንዷ ክምር ፊት ቆሙ። ከሌሎቹ ታረጃለች፤ ሽበት አብቅላለች።

"ይቺ ግን ደንበኛ ሥራ ናት" አሉ። "የማን ትሆን?"

"የእኔ ናት" አልኩ።

ዞረው አዩኝ።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ከኦስሎ ለሁለት ቀን ጉብኝት ነበር የመጣሁት። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ በዝናብ ስዞር አንድም ሰው አላናገረኝም። በሁለተኛው ቀን፣ የሥራ ልብሱ በሞተር ዘይት የጠቆረ አንድ ሰው ጫማዬን አየና ብርቱካን ሰጠኝ። ከተራራው ስወርድ የመመለሻ አውቶቡሴ ሄዷል። ሌላ አልተሳፈርኩም።

ይህን ነገርኳቸው፤ ቅድም በጭጋጉ ክምሬን አላወቅኋትም ነበር። ጃኬታቸውን ቆለፉ፤ እንደገና ከፈቱት።

"አፍርሳት" አሉ።

ከላይ ጀመርኩ። የታችኛው ድንጋይ ለአንድ ሰው ይከብዳል። ጎንበስ ብለው በወዲያ በኩል ያዙልኝ።