ነጥቧ ቦይ ዘለለች

ለቦሌ ሚካኤልና ለአካባቢው ሰፊ ሕዝብ በሙሉ፦ አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ባከበረ ማግስት፣ የገብስ ቅንጣት የምታህል አንዲት ነጭ ነጥብ በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ውስጥ፣ ያለማንም ገፋፊነት፣ ቦይ መዝለሏን ስናበስር የሚሰማን ኩራት ወሰን የለውም።

የነጥቧ ፈጣሪ ጎረቤታችን ኃይለኪሮስ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራ የሬዲዮ ጥገና ቴክኒሻን። ለሥልጠና ውጭ ተልኮ ሲመለስ አብረውት የሄዱት ፍሪጅና ካፖርት ተሸክመው ገቡ። እሱ ግን መጽሐፍ የምታክል፣ ከቴሌቪዥን ጋር የምትያያዝ ጥቁር ኮምፒውተር በብብቱ ይዞ ከች አለ።

ሚስቱ ለተብርሃን አገላብጣ አየቻት። "ሰው ከውጭ ሲመጣ ድስት እንኳ ያመጣል። አንተ አዝራር አመጣህልኝ?"

"ጨዋታ ልሠራባት ነው።"

"ዕድሜህ ስንት ነው?"

"ታውቂው የለ።"

"እኔማ አውቀዋለሁ። አንተ ታውቀው እንደሆነ ብዬ ነው።"

ኃይለኪሮስ ግን ሕልም ነበረው። ሕልም ደግሞ በዚያ ዘመን ያለ ኩፖን የሚገኝ ብቸኛ ሸቀጥ ነበር። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ ነጥቧ ከጉርድ ሾላ ትነሳለች፤ ቦይ እየዘለለች፣ ውሻ እያመለጠች፣ ሰዓት እላፊ ሳይደርስባት ቦሌ ሚካኤል ቤቷ ትገባለች። ስትገባ የቤቷ መብራት ቦግ ይላል። በቃ። ይህችን ካሴት ላይ ቀድቶ ለሕዝብ ማዳረስ፣ ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ መሥራት! ገንዘቡን ከየት ያመጣል? ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የሙዚቃ ካሴት የሚሸጠው ኑሪ ዘንድ ሄደ።

"ባዶ ካሴት እኔ እችላለሁ" አለ ኑሪ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። "ግን ዘፋኙ ማነው?"

"ዘፋኝ የለውም። ጨዋታ ነው አልኩህ እኮ።"

"እሺ፣ ዘፋኝ አይኑረው። ክራር አለው?"

ኃይለኪሮስ ለናሙና አንዱን ካሴት ቴፕ ውስጥ ከተተለት። ኮምፒውተሯ ጨዋታዋን ካሴት ላይ የምታስቀምጠው በድምፅ ነው፤ ድምፁም ጅራቷን በር የቀረጠፋት ድመት ድምፅ ነው። ኑሪ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

"ይሄማ ይሸጣል" አለ። "የማይገባው ሰው ሁሉ የተማረ ለመምሰል ይገዛዋል።"

እንዲህ ያለ አስተዋይ ባለሀብት በየዘመኑ አይገኝም። ችግሩ ሰፈሩ ውስጥ ጆሮ ያለው ኑሪ ብቻ አለመሆኑ ነው። ኃይለኪሮስ ከሥራ መልስ ያንን ካሴት ደጋግሞ ሲያስጮህ፣ በአጥሩ ሥር የሚያልፈው የቀበሌ ጥበቃ ሰማ። የሬዲዮ ቴክኒሻን ቤት፣ ጭርርር የሚል ድምፅ! ነቅቶ የሚጠብቅ ዜጋ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈልጋል? በማግስቱ ኮምፒውተሯም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ባለቤቱም ቀበሌ አዳራሽ ተገኙ።

"ከማን ጋር ነው የምትገናኘው?" አሉ ሊቀ መንበሩ ጓድ ወልደጻድቅ።

"ከነጥቧ ጋር።"

"ነጥቧስ ለማን ታቀብላለች?"

በቃል ማስረዳት አላዋጣምና አሳያቸው። ነጥቧ ከጉርድ ሾላ ተነሳች። የመጀመሪያውን ቦይ ልትዘል ስትንደረደር ጓድ ወልደጻድቅ ሳያስቡት "አይዞሽ!" አሉ፤ ወዲያው ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ትንተና ገቡ።

"ለምንድነው የምትሮጠው?"

"ሰዓት እላፊ እንዳይደርስባት።"

"ሰዓት እላፊ የታወጀው ሕዝቡን ለመጠበቅ ነው። ከጠባቂው የሚሸሽ ማነው?"

"ደግሞ ብቻዋን ነው የምትሮጠው" አሉ የሴቶች ማኅበሯ ጓድ ፈለቀች። "ብቻ መሮጥ የንዑስ ከበርቴ ጠባይ ነው። ተደራጅታ ብትሮጥ ምናለበት?"

የቀበሌው ኮሚቴ ግን ጨካኝ አልነበረም። ጨዋታውን እንዲያውም በገንዘብ ሊደግፍ ወሰነ፤ ከመዝናኛ ክበቡ የቢራና የከረምቡላ ገቢ ላይ። ኃይለኪሮስ በተሰጠው አስተያየት መሠረት ያስተካክላል፤ እምቢ ካለ መሣሪያዋ ለምርመራ ትቀመጣለች። ለምርመራ የተቀመጠ ነገር ምን እንደሚሆን ሰፈራችን ያውቃል። የእማማ ምንትዋብ ሬዲዮ ለምርመራ ከገባ ወዲህ ዜና የሚያነበው ለጓድ ወልደጻድቅ ብቻ ነው።

አስተያየቱ ጥልቅ ነበር። ነጥቧ መሸነፍ የለባትም፤ አብዮት አይሸነፍምና። ማሸነፍም የለባትም፤ ትግሉ ይቀጥላልና። መሮጥ ቀረ፣ ውሻው ቀረ፣ ቦዩም ልማት ኮሚቴ ይደፍነዋል ተብሎ ቀረ። በመጨረሻ የተረፈው አንድ አዳራሽ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በሰልፍ የተቀመጡ ነጥቦች ነው። ጠረጴዛው ብልጭ ሲል ተጫዋቹ አዝራር ይጫናል፤ የእሱ ነጥብ እጅ ታወጣለች። ከዚያ ጭብጨባ። ከዚያ ጠረጴዛው እንደገና ብልጭ ይላል።

ኃይለኪሮስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። "እጁን ያላወጣ ተጫዋችስ ምን ይሁን?"

ኮሚቴው ተያየ። "እንደዚያ ያለ ሰው የለም" አሉ ጓድ ወልደጻድቅ።

"ማሽኗ ግን ንገረኝ ትላለች። እኔው አንድ ነገር ላድርግበት?"

"ለሌለ ሰው ምን ፈቃድ ያስፈልጋል? እንደፈለግህ!"

ድጋፉ ቃል በተገባው መሠረት ተለቀቀ። ለቴሌቪዥኑ ማልበሻ ቀይ ጨርቅ ተገዛበት። ካሴት ለሚቀጥለው በጀት ተላለፈ።

ጨዋታው ግን፣ እውነቱን እንናገርና፣ ተወደደ። ኮሚቴው አዳራሹ ውስጥ ካስቀረው ቴሌቪዥን ፊት የሚነቃነቅ አልሆነም። ያ የፈረደበት የሳምንቱ ስብሰባ አንዴ ቀረ፣ ሁለቴ ቀረ፣ ከነጭራሹ ተረሳ። ሕዝቡ እሑድ ጠዋት እስኪበቃው ተኛ። አንዳንድ ባልና ሚስት ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጋገሩ፤ በዚህም ምክንያት የተጣሉ አሉ።

እንዲህ ያለ ሰላም ከበላይ አካል ጆሮ አይሰወርም። ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት አንድ ጓድ ተላኩ። አዳራሹ ሲገቡ ኮሚቴው በሙሉ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጧል።

"ስብሰባ ለምን ቀረ?"

"ስብሰባ ላይ ነን ጓድ" አሉ ጓድ ወልደጻድቅ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

እንግዳው ጓድ ሊመረምሩ ተቀመጡ። መሣሪያዋ ትወረስ ወይስ ትመለስ የሚለው በእሳቸው ቃል ነውና፣ ኃይለኪሮስም ተጠርቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። ጠረጴዛው ብልጭ አለ፤ ጓዱ አዝራሯን ተጫኑ። ብልጭ፤ ተጫኑ። የብዙ ዓመት ልምድ ያለው ጣት ነበር። ግን ከምሳ በኋላ ነው፤ ሙቀት ነው፤ ጠዋትም ከሌላ ቀበሌ ስብሰባ ነው የመጡት። ዓይናቸው ተከደነ። ጣታቸው ጭናቸው ላይ ወደቀ።

ጠረጴዛው ብልጭ አለ። እጅ አልወጣም። ደግሞ ብልጭ አለ። እጅ አልወጣም።

ነጥቧ ከወንበሯ ተነሳች።

"ኧረ ቆመች!" አሉ ጓድ ፈለቀች።

ማንም አይቶት የማያውቀው በር ከአዳራሹ ጎን ተከፈተ። ነጥቧ ወጣች። ውጪ ጉርድ ሾላ ነው፤ ቦዩ እንዳለ ነው፤ ውሻውም አለ።

"ተመለሺ!" አሉ ጓድ ወልደጻድቅ በሹክሹክታ።

ነጥቧ ቦዩን ዘለለች። ውሻውን አመለጠች። ቦሌ ሚካኤል ደረሰች፤ የቤቷ መብራት ቦግ አለ፤ ማሽኗም ደስ ብሏት ጢው አለች። በዚህ ድምፅ እንግዳው ጓድ ብንን አሉ።

"ምን ተፈጠረ?"

በመጨረሻ ጓድ ወልደጻድቅ ደፈሩ። "ስብሰባ... ስብሰባ ረግጠው ወጡ፣ ጓድ።"

"ማን?"

"እርስዎ።"

ጓዱ ቴሌቪዥኑን አዩ። ቀጥሎ በሩን። ቀጥሎ ምስክሮቹን አንድ በአንድ። ከዚያም መሣሪያዋ አሁኑኑ ወደ ባለቤቷ ቤት እንድትመለስ፣ የታየውም እንዳልታየ እንዲቆጠር ሐሳብ አቀረቡ። እጅ ወጣ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ኃይለኪሮስ ቴሌቪዥኑን ታቅፎ፣ ኮምፒውተሯን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ ከቀበሌው ደጃፍ ያለውን ቦይ ከነሸክሙ ዘለለ። ጓድ ወልደጻድቅ ተከትለውት ወጥተው ከቦዩ ማዶ ቀሩ።

"ስማ እንጂ! ያቺ በር ከየት መጣች? ማን ፈቀደላት? አብራራ!"

"አላብራራም" አለ ኃይለኪሮስ።