የበረሃውን ጉዞ መሪ ለመምረጥ የተደረገ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ ጠዋት፣ ለ3፡00 ተጠርቶ 3፡40 ላይ ተጀመረ።
ቦታ፦ የአዳራሹ ቁልፍ ስለጠፋ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ያለበት ክፍል።
የተገኙ፦ ሰብሳቢው፤ የንብረት ክፍል ኃላፊው (የሰብሳቢው ሚስት ወንድም)፤ ሹፌሩ፤ የመዝገብ ቤቷ እትዬ፤ ጸሐፊዋ። ከአምስት አባላት አምስቱም ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ሙቀት
የንብረት ክፍል ኃላፊው በረሃው ሞቃት መሆኑን ከታማኝ ምንጭ መስማታቸውን ገልጸው፣ ከመነሻችን በፊት እንዲቀንስ ለሚመለከተው አካል ደብዳቤ ይጻፍ ብለዋል። ሹፌሩ የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ ጠይቀዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ ደብዳቤው በግልባጭ ብቻ እንዲላክ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ የጉዞው መሪ
ጸሐፊዋ በዓመት ፈቃዷ በረሃውን ሁለት ጊዜ በእግሯ አቋርጣ፣ ውሃ ያላቸውን ሦስት ጉድጓዶች በካርታ ላይ አስፍራ፣ ጉዞውን እንድትመራ በጽሑፍ አመልክታለች። ሰብሳቢው ካርታው እጅግ የሚያስመሰግን ስለሆነ ለሚስታቸው ወንድም ይሰጥ፣ ጉዞውንም እኚሁ የንብረት ክፍል ኃላፊ ይምሩ፣ ጸሐፊዋ ቢሮ ቀርታ ስልክ ታንሳ ብለዋል። ምክንያቱን ስትጠይቅ፣ ሴት ልጅ ፊት ፊት ስትሄድ ጉዞው ግርማ ሞገስ እንደሚያጣ አስረድተዋል። እትዬ ግርማ ሞገስ ይጠጣል ወይ ብለው ጠይቀዋል።
ጸሐፊዋ ተቃውሞዬ ይመዝገብ ብላለች። ሰብሳቢው አይመዘገብም ብለዋል። ሁለቱም ተመዝግበዋል።
ሁለት ደግፈው ሦስት ተቃውመዋል። ሰብሳቢው የኃላፊ ድምፅ የሚቆጠረው በደረጃው ልክ ነው በማለታቸው፣ ሐሳቡ በአብላጫ ድምፅ አልፏል።

አጀንዳ 3፦ መንገድ
ሹፌሩ አስፋልቱ ሲያልቅ ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ ብለው አዲሱን መሪ ጠይቀዋል። መሪው እዚያ ሲደረስ እንደሚታይ መልሰዋል። ሹፌሩ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ ልጆች አሉኝ። እሷ ካልመራች አልነዳም» ብለዋል።
ሰብሳቢው ጸሐፊዋ ካርታውን አሁኑኑ እንድታስረክብ አዘዋል። የንብረት ክፍል ኃላፊውም ካርታ ንብረት መሆኑን አስታውሰዋል። ጸሐፊዋ፣ «ካርታው የእግሬ ነው። እኔ ስሄድ ይሄዳል» ብላ መጻፏን ቀጥላለች።

የመጨረሻ ውሳኔ
ሰብሳቢው በረሃው በሴት መሪ ከሚጎበኝ ጭራሽ ሳይጎበኝ ቢቀር እንደሚሻል በመግለጻቸው፣ ከላይ የተወሰነው ሁሉ፣ ጉዞውንም ጨምሮ፣ ተሽሮ ስብሰባው 5፡10 ላይ ተበትኗል። ሹፌሩ፣ እትዬና ጸሐፊዋ ቅዳሜ ጠዋት በሹፌሩ ወንድም መኪና ወደ በረሃው የሚሄዱት በግላቸው ስለሆነ፣ ውሳኔው አይመለከታቸውም።