የአክስቴ ስንዱ ደረቅ ለቅሶ

አንድ ጥያቄ አለኝ። ለዓመታት ይዤው ዞሬያለሁ፤ ሰው ፊት ማንሳት ግን አፍራለሁ። ሰው እንባ ሳይወጣው ማዘን ይችላል? ቀላል ይመስላል አይደል? እስቲ ለቅሶ ቤት ገብታችሁ ጠይቁ።

እኔ ለቅሶ ቤት ስሄድ ቀጥታ ወደ ኩሽና ነው። ብርጭቆ አጥባለሁ። የታጠበውንም ደግሜ አጥባለሁ። ሴቶቹ ምራቋን የዋጠች ልጅ ይሉኛል። ሳሎኑን ፈርቼ እንደሆነ ማን ይንገራቸው? አክስቴ ስንዱ ግን መደበቂያ አልነበራትም። የሞተው ወንድሟ ነዋ!

አጎቴ ጌታቸው እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ቤቱ ሲያርፍ አክስቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ እየከነፈች ደረሰች። ደረቷን መታች። “ወንድሜ፣ ጋሻዬ” እያለች ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች። ጉንጯ ግን ደረቅ ነበር። አንዲት ጠብታ የለችም። ማልቀስ የፈለገች ጢስ ወጋኝ ትላለች ይባላል፤ አክስቴን ጢስም አልወጋት። ለቅሶ ቤት ደግሞ የሚያይ አይጠፋም፤ ግማሹ ሰው የሚመጣው ለማየት ነው። የአጎቴ ሚስት እትዬ የሺ፣ የራሳቸውን እንባ እየጠረጉ፣ አዩ። “ለወንድሟ ያላለቀሰች ለማን ልታለቅስ ነው?” አሉ ተባለ። አክስቴም ሰማች። ከዚያ በኋላ ስልክ የለ፣ እንኳን አደረሰሽ የለ።

አክስቴን የጎዳት ሐሜቱ አልነበረም። ስለ ወንድሟ የምታወራበት ሌላ ቤት የላትም። አጎቴ ሲስቅ ያስነጥሰው እንደነበር የሚያስታውሱ ሁለት ሴቶች ቀርተዋል፤ እነሱም አይነጋገሩም።

አሁን ወደ ጥርስ እንሂድ። ጥርስ ከለቅሶ ጋር ምን አገናኘው? እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር።

አክስቴ ዳቦ ያለ ውሃ አይወርድላትም። ጠርሙሷ ከእጇ አይለይም። ጥርሷ በተርታ መበላሸት ሲጀምር የጥርስ ሐኪሟ አፏ በጣም መድረቁን አይቶ ሮክቪል ወዳለች የመገጣጠሚያ ሐኪም ላካት። “ጥርሴን አመመኝ ብል ወደ ጉልበት ሐኪም?” ብላ ተቆጣች። ነጂም አስተርጓሚም እኔ ነኝ። ሐኪሟ የደም ውጤቱን አየችና አሁን አልትራሳውንድ ላንሳት አለች። ይህቺን ቃል አክስቴ ያለ አስተርጓሚ ገባቻት። ስልሳ ዓመት አልፏታል።

“በዚህ ዕድሜዬ?” አለችኝ።

“ለአንገትሽ ነው አክስቴ።”

“አንገቴ ውስጥ ደግሞ ማን አለ?”

ቀዝቃዛው ቅባት ከጆሮዋ ሥር ሲቀባ ግን ተረጋጋች። ወደ ስክሪኑ አንጋጣ፣ “ሴት ከሆነች ንገሩኝ፤ ወንድ ከሆነ ይቆይ” አለች። ሐኪሟ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። በርዷታል አልኩ።

ሐኪሟ መጀመሪያ መሣሪያውን የራሷ አገጭ ሥር አድርጋ ጤነኛ የምራቅ ዕጢ ምን እንደሚመስል አሳየችን። እንደ ተነፋ ዱቄት ወጥ ነው፤ ግራጫ። ከዚያ የአክስቴን አሳየችን። ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ የሞላበት፣ ቁጭ የነብር ቆዳ! ሾግረን የሚባል በሽታ ነው፤ ሰውነትን ሊጠብቅ የተቀመጠው ኃይል ተሳስቶ የራሱን ዕጢዎች ያጠቃል፣ ዕጢዎቹ ይቆጣሉ፣ በመጨረሻም ሥራ ይፈታሉ አለች። “ዘበኛው ባለቤቱን ነከሰ” ብዬ ተረጎምኩ። የምራቁን ብቻ ሳይሆን የእንባውንም ዕጢ ነው የሚያጠቃው ብላ ጨመረች።

አክስቴ ከአልጋው ላይ ብድግ አለች። “እንባውንም? እስቲ ድገሚልኝ።”

ደገምኩላት። ሌላ ሰው በሽታ አለብህ ሲባል ይደነግጣል። አክስቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። “ፎቶውን ፕሪንት ታድርግልኝ በያት!”

ቅዳሜ ፎቶውን በፖስታ አድርጋ፣ እኔ እየነዳሁ፣ ወደ አሌክሳንድሪያ። ወንዙን የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ስንደርስ “ተመለሺ” አለችኝ። ቤልትዌይ የሚሉት ፈጣን መንገድ ላይ ማን ይመለሳል?

እትዬ የሺ በሩን ከፈቱ። እንግዳ ከደጅ አይመለስምና አስገቡን። ቋንጣ ፍርፍር ቀረበ። አክስቴ እጇን ሳትታጠብ ፎቶውን አወጣች። እኔ አስረዳሁ፤ ዕጢውን፣ ነብሩን፣ ዘበኛውን። ሳሎን ውስጥ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም፤ ላብ አጠመቀኝ። እትዬ የሺ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ገልብጠውም አዩት።

“ይሄ እንባ እንደሌላት ነው የሚያሳየው?”

“አዎ እትዬ።”

“እንዳዘነችስ የሚያሳየው የቱ ጋ ነው?”

እስቲ እናንተ መልሱላቸው! ሐኪሟ ይህን አልነገረችኝም።

አክስቴ ፎቶውን መልሳ ወደ ፖስታው ከተተችና ተነሳች። “ሳትቀምሺ ከቤቴ አትወጪም” አሉ እትዬ የሺ። ጠብ ሌላ፣ ማዕድ ሌላ። ሚጥሚጣ ነሰነሱበት፣ ጠቀለሉ፣ አጎረሷት። ጉርሻ ነው ወይስ ቡጢ? የዓመታት ቂም የተጠቀለለበት ነው። ይህን ለመዋጥ ደግሞ ምራቅ ይጠይቃል። ፍርፍሩ ጉሮሮዋ ላይ ቆመ። ትን አላት፣ ፊቷ በርበሬ መሰለ። ውሃ ይዤ ስመለስ እትዬ የሺ አገጯን ይዘው ዓይኗን ትክ ብለው እያዩ ነበር። የሚጥሚጣው ብናኝ ብቻ እኔን አስለቅሶኛል፤ የእሳቸውም ዓይን ሞልቷል። የአክስቴ ዓይን ደም መስሏል። ግን ደረቅ ነው።

“በሞትኩት!” አሉ። “ያን ቀንም እንዲህ እያቃጠለሽ ነበር?”

አክስቴ ውሃዋን ጠጣች። “ከዚህ የባሰ” አለች።

ተቃቀፉ። ኢንሹራንስ የከፈለበት ማሽን ያላስረዳውን ሚጥሚጣ አስረዳ። እትዬ የሺ “አንድ ጉርሻ ያጣላል” ብለው ሁለተኛ መጠቅለል ሲጀምሩ መሐል ገብቼ በግድ አስጣልኳቸው። እስኪመሽ የአጎቴን ማስነጠስ በየተራ ሲያስመስሉ ዋሉ።

እዚህ ላይ “የሐዘን መለኪያው እንባ አይደለም” ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ምን ያደርጋል፣ ባለፈው ወር እዚሁ አቅራቢያ ጀርመንታውን የምትባል ከተማ ለቅሶ ሄድን። ሟቹን ሦስታችንም በደንብ አናውቃቸውም። ከመኪና ሳንወርድ እትዬ የሺ አክስቴን፣ “ጠብታሽን ይዘሻል?” አሏት። ሐኪሟ ለዓይኗ ድርቀት ያዘዘችላት ሰው ሠራሽ እንባ ነው። አክስቴ አንጋጣ ጠብ ጠብ አደረገች።

“ጨምሪ እንጂ! የሟቹ ሚስት የምታይ ሴት ናት” አሉ እትዬ የሺ። ትንሽ አሰቡና፣ “ለእኔም ጣል አድርጊልኝ፤ ዛሬ አልመጣ ብሎኛል።”

ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ ጉንጫቸው እየራሰ ገቡ። ቤቱ በለቅሶ ተናጋ። ሚስትየዋ ሁለቱን አቅፋ፣ “እናንተ ናችሁ ሰው!” አለች። ከዚያ ከኋላቸው ጉንጬ ደርቆ የቆምኩትን እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ማየቷ በቂ ነበር።

በማግስቱ ወሰንኩ። ፋርማሲ ሄድኩ። ጠብታው ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ሻጩ ዓይኔ ከደረቀ ቆይቶ እንደሆነ ጠየቀኝ።

በዘራችን ነው አልኩት፤ ሁለት ገዛሁ።